የቲያማት ቤት የት ነው? ስለ ዘንዶ አማልክትና ስለ መኖሪያ ፕሌናቸው

ጥያቄው፦ «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ አምስተኛውን እትም ነው የምመራው። ተጫዋቾቼ 17ኛ ደረጃ ደርሰዋል። አሁን ቲያማትን ቤቷ ድረስ ሄደን እንገድላታለን ብለው ተነስተዋል። እኔ ግን ቤቷ የት እንደሆነ ግራ ገብቶኛል። አንዱ መጽሐፍ አቨርነስ ይላል፣ ሌላው ታይተሪየን ይላል። አንድ ተጫዋቼ ደግሞ ‹የምትኖረው አቢስ ውስጥ ነው› ብሎ ድርቅ ብሏል። ትክክለኛው የቱ ነው? ቤቷ ውስጥ ከተገደለችስ ለዘለዓለም ሞተች ማለት ነው? ባሃሙት ጋ ሄደው ርዳታ ቢጠይቁስ?»

አቨርነስም ታይተሪየንም ትክክል ናቸው። የተጫዋችህ አቢስ ግን የሌላ አምላክ ቤት ነው። ለአንተ ጨዋታ መልሱ አንድ ብቻ ነው፤ አቨርነስ። ምክንያቱን ግን ማወቅ አለብህ። ሳታውቀው ከቀጠልክ ሌሎቹን ሁለት ጥያቄዎችህንም አጣመህ ነው የምትመልሳቸው።

ለጨዋታው አዲስ ለሆነ አንባቢ በአጭሩ ልበል። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ይዘው ታሪክ የሚጫወቱበት የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ቲያማት ባለ አምስት ራስ ክፉ የዘንዶ አምላክ ናት፤ ባሃሙት ደግ ተቀናቃኟ ነው። ፕሌን የሚባለው የራሱ ሕግና ተፈጥሮ ያለው ዓለም ነው። ተራ ሰው የሚኖረው ማቴሪያል ፕሌን ላይ ነው። አማልክት፣ ዲያብሎሶችና መላእክት ደግሞ ከዚያ ውጭ ባሉ ፕሌኖች ይኖራሉ። ችግሩ የእነዚህ ፕሌኖች ካርታ አንድ አለመሆኑ ነው። ጨዋታው ከ50 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ካርታው በእትም ብዛትና በዓለም ብዛት ተቀያይሯል።

ከመነሻው እንየው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በ1975 ግሬይሆክ በሚባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ላይ ባለ አምስት ራሷ ዘንዶ ስም እንኳ አልነበራትም። የዘንዶዎች ንግሥት ነበር የምትባለው። ፕላቲነሙም የዘንዶዎች ንጉሥ ነበር። ቲያማትና ባሃሙት የተባሉት በ1977 በወጣው ሞንስተር ማንዋል ላይ ነው። አድራሻም ያገኙት ያኔ ነው። ቲያማት የዘጠኙ ሲኦሎች የመጀመሪያው እርከን፣ ማለትም የአቨርነስ፣ ገዢ ሆነች። ባሃሙት ደግሞ ከምሥራቅ ነፋስ በስተጀርባ ባለ ታላቅ ቤተ መንግሥት ይኖራል ተባለ። ያ አድራሻ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ የትም አያደርስህም እንጂ።

ስሞቹ ከጥንት ተረት የመጡ ናቸው። የባቢሎኗ ቲያማት የባሕር አምላክ ናት። የዓረቦቹ ባሃሙት ምድርን ከታች የተሸከመ ግዙፍ ዓሣ ነው። እነዚያን ተረቶች አንብቦ የጨዋታውን ካርታ ለመሙላት የሚሞክር ዲኤም (የጨዋታው መሪ) አይጠፋም። ድካም ብቻ ነው የሚተርፈው።

ቀጥሎ ታላቁ መንኮራኩር የሚባለው ካርታ መጣ። አማልክትን የሚያስቀምጠው በጠባያቸው ነው። ሕግ አክባሪና ደግ የሆነው ወደ አንዱ ጫፍ፣ ሥርዓት የለሽና ክፉ የሆነው ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። ቲያማት ክፉ ናት፤ ግን ውል፣ ማዕረግና ተዋረድ ታውቃለች። ስለዚህ ቦታዋ ዘጠኙ ሲኦሎች ነው። ባሃሙት ደግ ነው፣ ሕግም ያከብራል። ስለዚህ ባለ ሰባት እርከኑ የሰለስቲያ ተራራ ደረሰው። በዚህ ካርታ አቢስ የአጋንንት አለቆች እርስ በርስ የሚባሉበት ሥርዓት የለሽ ጥልቅ ነው። ቲያማት እዚያ ምንም ጉዳይ የላትም።

በ2008 የወጣው አራተኛው እትም ይህን ሁሉ አፍርሶ እንደ አዲስ ሠራው። መንኮራኩሩ ቀረ። የአማልክት ቤቶች በአስትራል ባሕር ላይ የሚንሳፈፉ ግዛቶች ሆኑ። ቲያማት ከአቨርነስ ወጥታ ታይተሪየን ገባች። እሱንም ለብቻዋ አላገኘችውም፤ ከእባቦች አምላክ ከዜሂር ጋር በደባልነት ነው። ባሃሙትም ሰለስቲያን ከሌሎች አማልክት፣ ከሞራዲንና ከኮርድ፣ ጋር ተጋራ። በ2014 አምስተኛው እትም ሲመጣ ደግሞ የድሮው መንኮራኩር ተመለሰ። ቲያማትም ጓዟን ጠቅልላ አቨርነስ ተመለሰች። እንግዲህ ታይተሪየን የሚለው መጽሐፍህ የአራተኛው እትም ነው። ስህተት የለበትም። ከአምስተኛው ጋር ቀላቅለህ ስታነበው ነው የሚያምታታህ።

አሁን ወደ ተጫዋችህ አቢስ። የእሱ ነገር የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ነው። ያነበበው ስለ ታኪሲስ ነው። ታኪሲስ በ1984 የተጀመረው የድራጎንላንስ ዓለም፣ ማለትም የክሪን፣ የጨለማ ንግሥት ናት። እሷም ባለ አምስት ራስ ዘንዶ ሆና ትታያለች፣ የምትኖረውም አቢስ ውስጥ ነው። የክሪን አቢስ ግን የመንኮራኩሩ የአጋንንት አቢስ አይደለም፤ የእሷው ግዛት ነው። ወደ ክሪን እንዳትገባ ያገዳት ነገርም የራሱ ታሪክ አለው። የመግቢያዋ መሠረት ከሆነው ዓምድ ላይ አንድ ዕንቁ ተነቅሏል። ዕንቁው ካልተመለሰ በሩ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ይህ የታኪሲስ ታሪክ ነው። የቲያማት ታሪክ ላይ ብትለጥፈው ተጫዋቾችህ የሌለ ዕንቁ ፍለጋ ወራት ያባክናሉ። ሁለቱ አንድ አምላክ ናቸው ብለህ መወሰን መብትህ ነው። ግን ከወሰንክ በኋላ አንዱን ታሪክ ያዝና ሌላውን ተወው።

ሌላም አለ። ፎርጎትን ሬልምስ በሚባለው የጨዋታው ዓለም የሦስተኛው እትም መጽሐፍ ላይ መንኮራኩሩ ቀርቶ የዓለም ዛፍ የሚባል ካርታ ነበር። እዚያ ላይ የዘንዶ አማልክት ድራገን አይሪ የሚባል የራሳቸው ፕሌን ነበራቸው። ኤበሮን በሚባለው ሌላ የጨዋታው ዓለም ላይ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ይለያል። እዚያ ሦስት ጥንታውያን ዘንዶዎች አሉ፤ ሲበሪስ፣ ኤበሮንና ካይበር። የሚኖሩበት ፕሌን የላቸውም፤ ዓለሙ ራሱ እነሱ ናቸው። ሲበሪስ በሰማይ ያለው ቀለበት፣ ኤበሮን ምድሪቱ፣ ካይበር ከምድር በታች ያለው ጨለማ ነው። ቲያማት እዚያ የካይበር ልጅ ትባላለች። የታሰረችውም የዘንዶዎች አህጉር በሆነው በአርጎነሰን ጉድጓድ ውስጥ ነው። ኤበሮን ላይ እየተጫወትክ ከሆነ ከዚህ በታች የምለው አብዛኛው አይመለከትህም። ፕሌን ፍለጋውን ተውና መሬት ቆፍር።

እስካሁን ያልኩት የአድራሻ ጉዳይ ነው። ትልቁ ስህተት ያለው ግን ቤት የሚለው ነገር ላይ ነው። ዲኤሞች የአምላክ ቤት ሲባል አምላኩ የሚገዛበት፣ እንደልቡ የሚሆንበት ቦታ ይመስላቸዋል። ለባሃሙት ይህ ይሠራል። ለቲያማት አይሠራም። አምስተኛው እትም ላይ አቨርነስን የምትገዛው ዘሪኤል የምትባል የዲያብሎሶች አለቃ ናት፤ ከእሷ በፊት ቤል ነበር። ቲያማት እዚያው እርከን ላይ ናት፣ ኃይለኛ ናት፣ ሁሉም ይፈራታል። ግን መውጣት አትችልም። አቨርነስ ቤቷ ብቻ ሳይሆን እስር ቤቷም ነው።

የዘመቻህ ሞተር ይህ ነው። በ2014 የወጣውን የቲያማት መነሣት የሚለውን ዘመቻ ተመልከት። የዘንዶው አምልኮ አባላት አምስቱን የዘንዶ ጭምብሎች የሚሰበስቡት ለምንድን ነው? ታይ ከሚባለው አገር ቀይ ጠንቋዮች ጋር ተባብረው በዘንዶዎች መቃብር ላይ ሥርዓት የሚያካሂዱት ለምንድን ነው? ቲያማት በራሷ መምጣት ስለማትችል ነው። መምጣት የምትችል ብትሆን ኖሮ አምላኪዎቹም ጭምብሎቹም ባላስፈለጉ። እስሩን ካነሳህ ዘመቻው ፈረሰ።

አስትራል ፕሌን ላይ የሚኖሩት ተዋጊ ሕዝቦች ጊዝያንኪዎችም ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ። ጊዝ የተባለችው መሪያቸው ወደ ዘጠኙ ሲኦሎች ወርዳ ከቲያማት ጋር ተዋዋለች። ከዚያ ወዲህ ቀይ ዘንዶዎች ጊዝያንኪዎችን ያገለግላሉ። ጊዝ ግን አልተመለሰችም። እንግዲህ አስበው፤ እስረኛ ሆና እንኳ እንዲህ ያለ ውል ታደርጋለች። ቤቷ ድረስ የሚሄዱ ተጫዋቾችህም ሰይፍ ከመምዘዛቸው በፊት ድርድር ሊቀርብላቸው ይገባል። እኔ ብሆን ያንን ትዕይንት ከውጊያው በላይ እዘጋጅበት ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልለፍ። ቤቷ ውስጥ ብትገደል ለዘለዓለም ትሞታለች? በመጽሐፉ መሠረት አትሞትም። ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ የስህተቱም ምንጭ ይታወቃል። ተራ ዲያብሎስ ከሲኦል ውጭ ከተገደለ ሲኦል ውስጥ እንደገና ይነሣል። ሲኦል ውስጥ ከተገደለ ግን አበቃለት። ይህ የዲያብሎሶች ሕግ ነው። ሰዎች ይህን ሕግ አንስተው ቲያማት ላይ ይጭኑታል። የቲያማት ገጽ ግን ሌላ ነው የሚለው። ስትሞት ገላዋ ይጠፋል፤ ህልውናዋ ዘጠኙ ሲኦሎች ውስጥ ወዳለው ግዛቷ ይመለሳል። ለተወሰነ ጊዜም አካል መልበስ አትችልም። እዚያ ላይ ‹ቤቷ ካልሆነች› የሚል ቃል የለም። ስለዚህ አቨርነስ ላይ ብትገድላት ገላዋ ይጠፋል፣ ህልውናዋ እዚያው ይቀራል፣ ከጊዜ በኋላ ትነሣለች።

ለዘለዓለም እንድትሞት ከፈለግህ ደንቡን ራስህ ማውጣት አለብህ። አውጣ። ግን ከውጊያው በፊት አውጣው፣ ለተጫዋቾቹም በፍንጭ አሳውቃቸው። ውጊያው ሲያበቃ «አልሞተችም» ቢባሉ የተታለሉ ይመስላቸዋል። «ሞታለች» ቢባሉ ደግሞ ምንም ያላደረጉበት ድል ይሆናል። አምላክ መሞቱ በጨዋታው የተለመደ ነው። የሞቱ አማልክት አስከሬን አስትራል ፕሌን ላይ ይንሳፈፋል። የጊዝያንኪዎች ከተማ ቱናራት ራሷ የተሠራችው በሞተ አምላክ አስከሬን ላይ ነው።

በአራተኛው እትም ደግሞ ሊጠቅምህ የሚችል ታሪክ አለ። የመጀመሪያው የዘንዶ አምላክ ኢዮ ነበር። ኤሬክ ሁስ የሚባል ጥንታዊ ኃይል በመጥረቢያ ለሁለት ሰነጠቀው። ከአንዱ ግማሽ ባሃሙት፣ ከሌላው ግማሽ ቲያማት ተነሡ። ሌሎቹ እትሞች ይህን ታሪክ አይቀበሉም። እንደ ሐሳብ ግን ድንቅ ነው። አንድ የዘንዶ አምላክ ሲገደል ሁለት ከተነሡ፣ ተጫዋቾችህ አምስት ራስ ያላትን ቢገድሏት ምን ሊነሣ ነው? ይህን ጥያቄ በአንድ ሽማግሌ ዘንዶ አፍ አስጠይቃቸው። ዕቅዳቸውን እንደገና ይፈትሹታል።

ውጊያውን በተመለከተ ላስጠንቅቅህ። የ2014ቷ ቲያማት ፈተና ደረጃዋ (የጠላት ክብደት የሚለካበት ቁጥር) 30 ነው። የሕይወት ነጥቧ 615 ነው። ከዚያ በላይ የሚከብደው ግን አስማት መቋቋሟ ነው። ራሷ ካልፈቀደች በስተቀር 6ኛ ደረጃና ከዚያ በታች ያለ አስማት አይነካትም። 17ኛ ደረጃ ላይ ያለ ጠንቋይ ከስድስተኛ በላይ ያለው ቦታ (አስማት የሚጥልበት ዕድል) ሦስት ብቻ ነው፤ አንድ ሰባተኛ፣ አንድ ስምንተኛ፣ አንድ ዘጠነኛ። መሄጃው ራሱ አንዱን ይበላዋል። እንግዲህ ጠንቋይህ ሁለት ምት ይዞ አምላክ ፊት ይቆማል ማለት ነው። ይህን ሂሳብ ተጫዋቹ አቨርነስ ላይ ሆኖ እንዲያገኘው አታድርግ። አስቀድመህ በሊቃውንት አፍ አስነግረው።

መሄጃውን ካነሳን አይቀር፣ ዲኤሞች የሚሳሳቱበት ቦታ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ፕሌን ሺፍት 7ኛ ደረጃ አስማት ነው። ጠንቋዩ ቢያንስ 250 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ ሹካ መሰል የብረት ዘንግ ያስፈልገዋል። ዘንጉ ለሚሄድበት ፕሌን የተቃኘ መሆን አለበት። ለሰለስቲያ የተቃኘ ዘንግ አቨርነስ አያደርስም። ከዚያ ጠንቋዩና እስከ ስምንት የሚደርሱ ፈቃደኞች ክብ ሠርተው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ ይጠፋሉ። የት ያርፋሉ? ጠንቋዩ የሚሄድበትን ስፍራ በግምት ነው የሚናገረው። የሚያርፉትም እዚያ ወይም በአቅራቢያው ነው። አቅራቢያ ስንት እንደሆነ የምትወስነው አንተ ነህ። «ቲያማት ደጃፍ» ቢል ደጃፏ ላይ ማውረድ የለብህም። በድቡሽቱ ላይ፣ ስቲክስ ወንዝ አጠገብ፣ በዲያብሎሶችና በአጋንንት ጦርነት መሐል ጣላቸው። አቨርነስ የዚያ ጦርነት ግንባር ነው። ከዚያ ይጓዙ።

ተጫዋቾችህ ከዚህ ጠርጥረው ወደ ጌት ይዞራሉ። ጌት 9ኛ ደረጃ ነው፤ 5,000 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ይፈልጋል። በሩን በትክክል የፈለግኸው ቦታ ላይ ይከፍታል። ታዲያ በቃ ይመስላል። ግን እዚያው አስማቱ ላይ አንድ መስመር አለች። አማልክትና ሌሎች የፕሌን ገዢዎች ይህ በር በእነሱ ፊትም ሆነ በግዛታቸው ውስጥ እንዳይከፈት መከልከል ይችላሉ። ይህን መስመር ያላየ ዲኤም ብዙ ዋጋ ይከፍላል። ተጫዋቹ የቲያማት አልጋ አጠገብ በር ይከፍትበታል። ያየው ዲኤም ደግሞ የሚያምር አማራጭ አለው። ቲያማት በሩን ልትከለክል ትችላለች። ላትከለክልም ትችላለች፤ እሷ ከዚያ መውጣት የምትፈልግ እስረኛ ናትና። በሯ ላይ ማንም ሳያግዳቸው ከገቡ ተጫዋቾችህ መጨነቅ ያለባቸው ያኔ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄህ ባሃሙት ነው። ርዳታውን በተመለከተ እውነቱን ልንገርህ፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ባሃሙት ሠራዊት ይዞ አቨርነስ አይወርድም። እንዲወርድ ካደረግኸው ደግሞ ተጫዋቾችህ የሌላ ሰው ውጊያ ተመልካች ሆኑ። ባሃሙት የሚጠቅምህ በሌላ መንገድ ነው። ቤተ መንግሥቱ ከገዛ ሀብቱ የተሠራ ነው። መስኮቶቹ በወርቅና በብር የተያዙ ዕንቁዎች ናቸው፣ ግድግዳው መዳብና የዝሆን ጥርስ የተለጠፈበት ነው፣ ወለሉ የተቀጠቀጠ ሚትራል የሚባል ውድ ብረት ነው። አንድ ዘንዶ ሀብቱን ከሥሩ ቆልሎ ከመተኛት ይልቅ ቤት አድርጎ ሲከፍተው አስብ። የባሃሙትን ጠባይ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር የለም። ቲያማት ዋሻ ውስጥ ታስራ ሀብት ትቆልላለች፤ እሱ ሀብቱን እንግዳ ይረግጠዋል።

ቤተ መንግሥቱ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። በሰለስቲያ እርከኖች መካከል ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ተጫዋቾችህ ሰለስቲያ ቢደርሱም ባሃሙትን ማግኘት ሌላ ሥራ ነው። የመጀመሪያው እርከን ሉኒያ የተቀደሰ ውሃ ባሕር ነው። ከዚያ መውጣት ይጀምራሉ። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ተራራው ጠባያቸውን ይፈትናል ብለህ አጫውታቸው። ከመካከላቸው አንዱ ዘራፊ ከሆነ ጉዱ እዚያ ይፈላል።

የእኔ ምክር ግን ወደ ቤተ መንግሥቱ ጭራሽ አትውሰዳቸው ነው። ባሃሙት ማቴሪያል ፕሌን ላይ ሽማግሌ ሆኖ ይዞራል። ሰባት ካናሪ ወፎች አብረውት አሉ፤ ወፎቹ መልካቸውን የለወጡ ሰባት ታላላቅ ወርቃማ ዘንዶዎች ናቸው። ሽማግሌውን መንገድ ላይ አግኝተውት ይሁን፣ ሳያውቁት ያውሩት። መረጃ ይስጣቸው። ጦር አይስጣቸው።

ስለ ሌሎቹ የዘንዶ አማልክት ብዙ አልልም፤ አብዛኞቹ ለዘመቻህ አያስፈልጉህም። ፋላዙር የዘንዶ ሬሳ ሕያዋን ጌታ ነው፣ መኖሪያው ካርሰሪ የሚባለው ፕሌን ነው። ሌንዲስና ታማራ ባልና ሚስት ናቸው፤ እሱ ፍርድ፣ እሷ ምሕረት። ሳርዲዮር የዕንቁ ዘንዶዎች አለቃ ነው። በ1980 መጀመሪያ ሲጻፍ ሌሊቱን እየተከተለ ዓለምን በሚዞር ግንብ ውስጥ ይኖር ነበር፤ በ2021ዱ መጽሐፍ ግን የመጀመሪያው ዓለም ሲሰበር እሱም ተሰባብሯል።

አንዱን ግን እንዳታልፈው፤ ክሮኔፕሲስን። ክሮኔፕሲስ ዝም ብሎ የሚመለከት የዕጣ አምላክ ነው። በማንም ወገን አይቆምም። የሚኖረው በመንኮራኩሩ እምብርት ባለው አውትላንድስ፣ በትልቅ ዋሻ ውስጥ ነው። ዋሻው በአሸዋ ሰዓት የተሞላ ነው። ለእያንዳንዱ ዘንዶ አንድ ሰዓት አለ፤ አሸዋው ሲያልቅ ዘንዶው ይሞታል። ተጫዋቾችህን ከአቨርነስ በፊት እዚህ አምጣቸው። ብዙ ትዕይንት አያስፈልግም። ወጣት ዘንዶ የአሸዋ ሰዓት ትንሽ ይሁን፣ የጥንታዊው የሰው ቁመት ያክል ይሁን። በየመደርደሪያው ባዶ የሆኑት ተደርድረው ይታዩ። አንዱ ተጫዋች ባለፈው ዓመት የገደሉትን ቀይ ዘንዶ ሰዓት ያገኛል። ግማሽ አሸዋ እንደያዘ ተሰንጥቋል። ከዚያ የቲያማትን ይፈልጋሉ። አያገኙትም። ዋሻው ውስጥ የእሷ ሰዓት የለም። ይህ የመጽሐፍ አይደለም፤ የእኔ ነው። ግን ቤቷ ውስጥ ገደልናት ማለት ለምን እንደማይበቃ ከማንኛውም ደንብ በተሻለ ያስረዳልሃል።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርህ። ታላቁን መንኮራኩር ያዝ። ቲያማትን አቨርነስ አድርጋት፤ ገዢ ሳትሆን እስረኛ። ታይተሪየንን ተወው፣ የታኪሲስን አቢስ ተወው፣ ድራገን አይሪንም ተወው። የተለያዩ ካርታዎችን ለማስታረቅ ታሪክ የሚፈጥር ዲኤም አይቻለሁ፤ «አማልክቱ ቤት ቀየሩ» ሲል ተጫዋቾቹ የሚጠይቁት ጥያቄ ማለቂያ የለውም። በሚቀጥለው ጨዋታ መጀመሪያ ላይ በአጭሩ ንገራቸው፤ «በዚህ ጠረጴዛ ላይ ቲያማት አቨርነስ ናት፣ መውጣት አትችልም፣ ተራ ሞትም አያጠፋትም» በላቸው። ያ ድርቅ ያለው ተጫዋችህ ይከራከር ይሆናል። ስለ ታኪሲስ ያነበበው ትክክል መሆኑን ንገረው፣ ይረጋጋል።

የዘለዓለም ሞቷን ሁኔታ ደግሞ ዛሬውኑ ጻፈው። አንድ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ ከጊዝ ጋር ያደረገችው ውል ሲፈርስ ብቻ ህልውናዋ መመለሻ ያጣል ልትል ትችላለህ። አምስቱም ጭምብሎች አቨርነስ ውስጥ ሲሰበሩ ማለትም ይቻላል። የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ጊዝያንኪዎችን ከነቀይ ዘንዶዎቻቸው ወደ ታሪኩ ስለሚያስገባ። በአንድ ጦርነት ሁለት ወገን ያጣላሉ፣ ወዳጅም ያገኛሉ።

መነሻህም ከዚያ ይሁን። ለአቨርነስ የተቃኘው የብረት ዘንግ ገበያ ላይ አይሸጥም። ወደ ሲኦል ወርዶ የተዋዋለ ሕዝብ ዘንግ ይኖረዋል። ስለዚህ የሚቀጥለው ጉዟቸው ወደ ቱናራት ነው። የሞተ አምላክ አስከሬን ላይ በቆመች ከተማ ውስጥ፣ ቀይ ዘንዶ በሚጠብቀው ግምጃ ቤት፣ ያንን ዘንግ ይስረቁ ወይም ይደራደሩበት።